ከገደሉ ጀርባ ያለው ረግረግ

ከሲድኒ ማዕከላዊ ጣቢያ የተነሳ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ሽቅብ ተጉዞ ካቱምባ ሲደርስ ከባሕር ጠለል አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ወጥቷል። ከባቡሩ የሚወርደው መንገደኛ አብዛኛው የሚያመራው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ገደሉ አፋፍ። ከዚያ ቆሞ ሦስቱ እኅትማማቾች የሚባሉትን የድንጋይ ዓምዶች ያያል፣ ከባሕር ዛፍ ቅጠል በሚተን ዘይት የተነሳ ሰማያዊ መስሎ የሚታየውን ሰፊ ሸለቆ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። የብሉ ማውንቴንስ ተራሮች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ጭጋግ ነው፤ በእኛ አገር ደጋ ሁሉ የተዛመተው ባሕር ዛፍም የትውልድ ቦታው ይህችው አውስትራሊያ ናት። አካባቢው ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ስፋት ይዞ በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገደሉን ለማየት የመጣ ሰው ግን ጀርባውን የሰጠው ሌላ ነገር አለ። ከመንገዱ ዳር፣ በኮረብታው ተዳፋት ላይ፣ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ቄጠማና ፈርን የወረሰው፣ ሲረግጡት ውኃ የሚያንቸፈችፍ ቦታ። በዚያ ረግረግ ውስጥ ከዓለም ግዙፍ የውኃ ተርቦች አንዱ ይኖራል። ይህን ፍጥረት ለማየት የሚጓዝ ሰው ዓይኑን ወደ ሰማይ ቢያነሳ የሚያገኘው የሕይወቱን ትንሹን ክፍል ነው። እኔ የምከራከረው ይህ ነፍሳት የመሬት ውስጥ ኗሪ ነው ብዬ ነው። ክንፉ በዕድሜው ማብቂያ ለአንድ በጋ ብቻ የሚያገኘው ነው፤ መኖር አለመኖሩንም የሚወስነው ከእግራችን ሥር ያለው ውኃ ነው። ይህን አለመረዳት ደግሞ ከአንድ ተጓዥ ግር መሰኘት ያለፈ ጉዳት አለው፤ ሕግ አውጪዎችንም አሳስቷል።

የውኃ ተርብን ወገን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በሐይቅ ወይም በኩሬ ዳር አራት ግልጽ ክንፎቹን ዘርግቶ፣ ቀጭን ረጅም ሆዱን ከኋላው አስከትሎ፣ አየር ላይ ባለበት ቆሞ የሚታየው ነው። ሳይንስ ፔታሉራ ጂጋንቲያ የሚለው፣ እንግሊዛዊው ዊሊያም ኤልፎርድ ሊች በ1815 ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ይህ ዝርያ ግን ከጠባዩም ከመልኩም የተለየ ነው። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናሉ፤ በአዋቂ ሰው መዳፍ ላይ ቢያርፍ በሁለቱም ጎን ይተርፋሉ። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። አካሉ ወደ ጥቁር ያደላ ቡኒ ነው፤ ደረቱን ቢጫ መስመሮች ይቆርጡታል፤ በየክንፉ ጫፍ አጠገብ ቀጭንና ረጅም ጥቁር ምልክት አለ። ዓይኖቹን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሌላ ልዩነት ያገኛል። የብዙዎቹ ትልልቅ የውኃ ተርቦች ዓይኖች አናት ላይ ተገናኝተው ራሳቸውን ሲሸፍኑ፣ የዚህኛው ግራና ቀኝ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። የወንዱ ሆድ ጫፍ ላይ ደግሞ የአበባ ቅጠል የሚመስሉ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር ክፍሎች አሉ፤ ሲጣመሩ ሴቷን ከራሷ ኋላ የሚይዝበት አካሉ ነው። በሰሜን ኩዊንስላንድ ያለው የቅርብ ዘመዱ ከዚህም ይገዝፋል፤ የክንፉ ስፋት 16 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ይህን ያህል ክንፍ የያዘ ነፍሳት ቀኑን ሙሉ ሲበር ይውላል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ነው። የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በረግረጉ ውስጥ ወይም ዳር ባለ ዝቅተኛ ቁጥቋጦና የቄጠማ አገዳ ላይ ተቀምጦ ነው። የሚበር ነፍሳት ሲያልፍ ይነሳል፣ ይይዛል፣ ተመልሶ ያርፋል። ወንዶቹ አንዳንዴ አንድ አካባቢ ተሰባስበው ሴቶቹ እስኪመጡ ይጠባበቃሉ። ሌሎች የውኃ ተርቦች በኩሬ ላይ እየተመላለሱ ግዛታቸውን ሲጠብቁ፣ ይህኛው ክፍት ውኃ አይፈልግም። ሐይቅ ዳር ቢገኝ እንኳ የሚመርጠው ከሐይቁ አጠገብ ያለውን ረግረግ እንጂ ሐይቁን አይደለም። ከጉድጓዱ የሚወጣው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ በእኛ አገር አዝመራ የሚደርስበት ጊዜ በደቡቡ የምድር ክፍል ፀደይ ነው። አንዱን በጋ ኖሮ ይሞታል።

ከዚያ በፊት ያለውን ነው ማየት የሚያስፈልገው። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ውኃ በሚያዥበት ቦታ፣ በለስላሳው የመሬት ሽፋን ሥር፣ እርጥብ ቅጠልና ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። የሚፈለፈለው እጭ መሬቱን ይቆፍራል። የሚሠራው ረጅምና ቅርንጫፍ ያለው ዋሻ ነው፤ አፉ በፈርን ሥር ተሸሽጎ አይታይም፤ ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ታችኛው ክፍሉ በከርሰ ምድር ውኃ የተሞላ ነው። እጩ ደንዳና፣ ጠቆር ያለና ጸጉራም ነው። እንደ ወገኖቹ ሁሉ የታችኛው ከንፈሩ ከፊቱ ሥር ታጥፎ ይቀመጥና ታዳኝ ሲቀርብ ተወርውሮ ይይዛል። የሚተነፍሰው በአንጀቱ መጨረሻ ባለ ስንጥብ ነው፤ ስለዚህ ውኃው የቤቱ ጌጥ አይደለም፣ እስትንፋሱ ነው። ሌሊት ከዋሻው ወጥቶ በረግረጉ ላይ የሚሄዱ ትንንሽ ፍጥረታትን እንደሚያድን ይታመናል፤ ከውኃ በታች በሚከፈቱ በሮቹም በኩል ይመገባል። እንዲህ እያለ፣ ቆዳውን እየቀየረ፣ በጣም ቀስ ብሎ ያድጋል። ስድስት ዓመት ትንሹ ግምት ነው፤ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ አንድ አገዳ ላይ ይወጣል፣ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ባለ ክንፉ ከውስጡ ይወጣል። ባዶው ቆዳ አገዳው ላይ ጥፍሩን እንደነከሰ ይቀራል። የሮቢን ጆን ቲልያርድ ስም እዚህ መነሳት አለበት። ኋላ በ1917 ስለ ውኃ ተርቦች ሥነ ሕይወት ታላቁን መጽሐፉን ያሳተመው ይህ ተመራማሪ፣ ቀደም ብሎ በ1909 የዚህን ዝርያ የሕይወት ታሪክ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ዝርያውን ለዓመታት የተከታተለው ኢየን ቤርድም ፍለጋውን በሚበረው ላይ ብቻ አልተወም፤ ረግረጉን እየዳሰሰ በየአገዳው የቀረውን ባዶ ቆዳ ይሰበስብ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚበር የውኃ ተርብ ከሌላ ቦታ መጥቶ ይሆናል፤ ባዶ ቆዳ ግን እዚያው ቦታ ላይ ለዓመታት ውኃ እንደነበረ የሚመሰክር ነው።

ረግረጉ ራሱ እንዴት እንደተሠራ ካልታወቀ ይህ ሁሉ ነገር ተንጠልጥሎ ይቀራል። የእነዚህ ተራሮች አካል የአሸዋ ድንጋይ ነው። በድንጋዩ መሐል መሐል ግን ቀጫጭን የሸክላ ድንጋይ ንጣፎች አሉ። ዝናቡ በአሸዋው ድንጋይ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርግና ሸክላው ላይ ሲደርስ መውረድ ይሳነዋል፤ ወደ ጎን ይሄድና ከተዳፋቱ ላይ ይፈልቃል። በዚያ ሳያቋርጥ በሚርስ ቦታ ቄጠማና ፈርን ይበቅላል፤ ሥሩና ቅጠሉ ሲሞት በውኃ ስለታፈነ በደንብ አይበሰብስም፤ በሺዎች ዓመታት ተጠራቅሞ ፒት የሚባለው ጥቁር አፈር ይሆናል። አንዳንዱ ረግረግ በሸለቆ አናት ላይ የተኛ ነው፣ አንዳንዱ ከገደል ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከሩቅ ያየው ሰው ከብት ያልገባበት ሜዳ ይመስለዋል። የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት ይህን ዓይነቱን ረግረግ በ2005 ለመጥፋት የተቃረበ ሥርዓተ ምኅዳር ብሎ መዝግቦታል፤ የውኃ ተርቡም በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ነው። በዚሁ ቦታ ሌላ የትም የማይገኝ አንድ የእንሽላሊት ዘመድም ይኖራል፤ እሱም ከዚህ እርጥበት ውጪ ሕይወት የለውም።

የውኃ ተርቡ የመሬት ውስጥ ኗሪ ነው ለሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላልና ጠንካራ ነው። ክንፍ ያለው ፍጥረት እኮ ቦታው ቢበላሽበት ተነሥቶ ይሄዳል፤ 12 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ሌሎች የውኃ ተርቦች ውቅያኖስ ሳይቀር እንደሚያቋርጡ የታወቀ ነው። ተቃውሞው ከባለ ክንፉ አንጻር ልክ ነው፤ የጎደለው እጩ ነው። በማንኛውም አንድ በጋ፣ ከዝርያው ትልቁ ክፍል የሚገኘው መሬት ውስጥ ነው። ረግረጉ ሲደርቅ ክንፍ ያላቸው ጥቂቶች ይሄዱ ይሆናል፤ የአንድ ዓመት፣ የሦስት ዓመት፣ የሰባት ዓመት ዕድሜ ያላቸው እጮች ሁሉ ግን እዚያው ይቀራሉ። ዋሻቸውን አጥልቀው የሸሸውን ውኃ ሊከተሉ ይችላሉ፤ ግን ጥቁሩ አፈር የሚያልቅበት ድንጋይ አለ። የሄዱትም ቢሆኑ የሚያርፉበት ሌላ ረግረግ ያስፈልጋቸዋል። በዚህ አገር ረግረጉ በባሕር ዛፍ ደን መካከል የተበታተነ ነው፤ ዝርያው ደግሞ ረጅም ርቀት በመብረር የታወቀ አይደለም። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር ነው። እጩ ብዙ ዓመት ስለሚኖር፣ ረግረጉ መድረቅ ከጀመረ በኋላም ለጥቂት በጋዎች ባለ ክንፎች መውጣታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ሰማይ ሰማይ የሚያይ ተመልካች እነዚያን ቆጥሮ «ደኅና ነው» ብሎ ይሄዳል። የቆጠረው ከዓመታት በፊት የነበረውን ጤና ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጥንትነት ይነሳል። ይህ ዝርያ የሚመደብበት ቤተሰብ ዛሬ በዓለም 11 ዝርያዎች ብቻ አሉት፤ አምስቱ በአውስትራሊያ፣ ሁለቱ በኒው ዚላንድ፣ አንዱ በቺሊ፣ አንዱ በጃፓን፣ ሁለቱ በሰሜን አሜሪካ። በአፍሪካ የለም። ተመራማሪዋ ጄሲካ ዌርና ባልደረቦቿ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከእነዚህ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ብቻቸውን የቆዩ የዘር ሐረጎች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ቤተሰቡ ዳይኖሰሮች በምድር ላይ ሲመላለሱ ነበረ ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን፣ ይህን ያህል ብርድና ድርቅ ያለፈ ፍጥረት የዛሬውን አያልፍም ወይ? ጥያቄው ተስፋ ያዘለ ነው፤ መልሱ ግን ካለፈበት መንገድ ውስጥ ነው ያለው። እነዚህ ዝርያዎች የቆዩት ሁሉን የሚችሉ ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ ዛሬም የሙጥኝ ያሉት ውኃ የሚያዥበትን እርጥብ መሬት ነው። የአየር ንብረት ሲለወጥ ረግረጉ በአንድ በኩል ሲጠፋ በሌላ በኩል በሺዎች ዓመታት ሂደት ይፈጠር ነበር፤ እነሱም በዚያው ፍጥነት ተከትለውታል። የትውልዱ ርዝመት አሥር ዓመት የሚሆን ፍጥረት ለቀርፋፋ ለውጥ የተሠራ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ውኃው ከሥሩ ሲወርድበት የሚያደርገው የለም።

ውኃ በአንድ ወር እንዴት ይወርዳል? ለዚህ ከካቱምባ ወደ ምዕራብ፣ ሊትጎው ከምትባለው የከሰል ከተማ በላይ ወደሚገኘው ኒውንስ አምባ መውጣት ያስፈልጋል። አሸዋማ መንገዶች፣ የባሕር ዛፍ ደን፣ ሰው የተከለው የጥድ ደን፣ በየሸለቆው አናት ደግሞ ረግረግ። ከአምባው በታች፣ ብዙ መቶ ሜትር ወርዶ፣ የድንጋይ ከሰል አለ። በዚህ አካባቢ የተሠራበት የአወጣጥ ዘዴ ሰፊውን የከሰል ንጣፍ በማሽን ሙልጭ አድርጎ ቆርጦ አውጥቶ፣ የተተወው ጣሪያ ከኋላ እንዲደረመስ የሚያደርግ ነው። ጣሪያው ሲወርድ በላዩ ያለው ድንጋይ ሁሉ ይሰጥማል፤ ሲሰጥም ይሰነጠቃል። ላይ ያለው ሰው ምናልባት ምንም አያይም፤ ዛፉ ቆሟል፣ መንገዱ አለ። ነገር ግን ረግረጉን የሚመግበው ውኃ የሚሄድበት አሸዋ ድንጋይና የሚያግደው ሸክላ ከተሰነጠቁ፣ ውኃው ወደ ጎን መሄዱን ትቶ ቁልቁል ይሄዳል። ጋኑ ከሥሩ ከነቃ ከላይ የሚጨመርበት አይጠራቀምም። በአምባው ላይ የተተከሉ የውኃ ልክ መለኪያ ቧንቧዎች ይህን አሳይተዋል፤ ዝናብን እየተከተለ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይል የነበረ ውኃ፣ ማዕድኑ ከሥር ሲያልፍ በድንገት ወርዶ ያልተመለሰባቸው ረግረጎች አሉ። በመለኪያው ወረቀት ላይ አንድ ቁልቁል የወረደ መስመር ነው። ለእጩ ግን የመኖሪያው ማክተሚያ ነው።

እዚህ ላይ ማስረጃው ገና ሲሟላ የመጣ አንድ ትልቅ አደጋ አለ። ጥቅምት 2019 መጨረሻ፣ ባለ ክንፎቹ ከጉድጓዳቸው መውጣት በሚጀምሩበት ሰሞን፣ ጎስፐርስ ማውንቴን በተባለ ስፍራ መብረቅ እሳት አስነሳ። እሳቱ ለወራት ነድዶ ከግማሽ ሚሊዮን ሄክታር በላይ አቃጠለ፤ የኒውንስ አምባ ረግረጎችም በውስጡ ነበሩ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ለእሳቱ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም ራሱን የቻለ ተቃውሞ ነው፤ ማዕድን ሳይኖርስ ቢሆን ይቃጠል አልነበረም? ይቃጠል ነበር። ግን የአውስትራሊያ ረግረግ ለእሳት አዲስ አይደለም። ውኃ የጠገበ ጥቁር አፈር ላይ እሳት ቄጠማውን ላጭቶ ያልፋል፤ ከሥር ያለው እጭ ይተርፋል፤ ቄጠማው ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የሥርዓተ ምኅዳር ተመራማሪው ዴቪድ ኪትና የሥራ ባልደረቦቹ ከእሳቱ በኋላ ሁለት ዓይነት ረግረጎችን አነጻጽረዋል፤ ከሥራቸው ማዕድን የወጣባቸውንና ያልወጣባቸውን። ሁለቱም ተቃጥለዋል። ያልተነኩት እርጥበታቸውን ይዘው እንደገና ለመለሙ። ከሥር የተቆፈሩት አፈራቸው ደረቀ፣ እፅዋታቸው እንደ ወትሮው አልተመለሰም፣ ወደ መፈራረስ ሄዱ። ይህን ውጤት ደጋግሜ ያሰብኩበት ልዩነቱን የፈጠረው እሳቱ ስላልሆነ ነው። ለብዙ ዓመት ተሸሽጎ የነበረውን ጉዳት እሳቱ ገለጠው። ከማዕድኑ በኋላ፣ ከእሳቱ በፊት፣ ረግረጉ አረንጓዴ ይመስል ነበር፤ ባለ ክንፎቹም በላዩ ይበሩ ይሆናል። ሰማይን ብቻ የሚመለከት ዓይን የሚስተው ይህንን ነው።

ሊትጎው ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን አንብቦ ሊቆጣ ይችላል፤ ቁጣውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከተማዋ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በከሰል የኖረች ናት፤ በአካባቢው ያለው ማውንት ፓይፐር የኃይል ማመንጫ በዚያው ከሰል እየሠራ ለብዙ ሕዝብ መብራት ይሰጣል። ልጁን በማዕድን ደመወዝ ያሳደገ አባት ፊት ቆሞ «ስለ አንድ ነፍሳት ሲባል» ማለት ከባድ ነው። እኔም ሥራውን አላናንቅም። ነገር ግን ጥያቄው በነፍሳትና በእንጀራ መካከል የቀረበ ከሆነ አቀራረቡ ራሱ ተሳስቷል። ረግረጉ የሚይዘው ውኃ የነፍሳቱ ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ተቀብሎ፣ በደረቁ ወራት ቀስ እያለ ለጅረት የሚለቅ እሱ ነው። ከዚህ አካባቢ የሚነሳው የኮክስ ወንዝ የሲድኒን ዋና የመጠጥ ውኃ ወደሚይዘው የዋራጋምባ ግድብ ይገባል። የውኃ ተርቡ መኖር ያ ሥራ በትክክል እየተሠራ መሆኑን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ደግሞም መፍትሔው ሁልጊዜ ማዕድኑን መዝጋት ብቻ አይደለም። ከረግረግ ሥር አለመግባት፣ የሚቆረጠውን ንጣፍ ማጥበብ፣ መሐል መሐል ሰፋ ያለ ዓምድ መተው የሚቻሉ ነገሮች ናቸው። ከሰል ሳይወጣ ይቀራል፣ ገንዘብ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ ድንጋይ መቶ ሜትሮችን ወርዶ የሚገጥም ሰው የለም፤ የቀረ ከሰል ግን ባለበት አለ።

ችግሩን ሁሉ ማዕድን ላይ መጫንም ፍትሐዊ አይሆንም። ወደ ካቱምባና ወደ ጎረቤቷ ሊውራ ስንመለስ፣ ከቱሪስቱ ሆቴል ጀርባ ያሉት ረግረጎች የሚሞቱት በተቃራኒው መንገድ ነው። ከጣሪያና ከአስፋልት የሚወርደው የዝናብ ውኃ በቱቦ ተሰብስቦ በአንድ አፍ ረግረጉ ላይ ይለቀቃል። ብዙ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ጥቁሩን አፈር እየቦረቦረ ቦይ ይሠራል። ቦዩ ሲጠልቅ በግራና በቀኝ ያለው መሬት ወደ ቦዩ ይፈሳል፤ ረግረጉ በውኃ ብዛት ይደርቃል። የከተማው ምክር ቤትና በጎ ፈቃደኞች ያደረጉት ጥገና በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ከኮኮናት ቃጫ የተጠቀለለ፣ እንደ ሰው ጭን የሚወፍር ግንድ መሰል ነገር በቦዩ ወርድ ያጋድሙና በእንጨት ችካል ይቸክሉታል። ውኃው ከኋላው ይተኛል፣ ደለሉን ይጥላል፣ ወደ ጎን ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ጥቂት ቆይቶ ቃጫው ላይ ቄጠማ ይበቅላል፤ ቃጫው ራሱ በጊዜው በስብሶ አፈር ይሆናል። ይህ ሥራ ነፍሳቱን በቀጥታ አልነካም፤ አልመገበም፣ አላራባም። የውኃውን ፍጥነትና ልክ ብቻ አስተካከለ። ለዚህ ዝርያ ጥበቃ ከተሠሩት ሁሉ ይበልጥ ትክክለኛ ነው ብዬ የማምነው ይኸው ነው። ለአሸዋ ድንጋይ ስንጥቅ ግን አይሆንም፤ ቃጫ ላይ ላዩን የሚሮጥ ውኃ ያቆማል እንጂ በሥር የሚጠፋውን አይመልስም።

ሕጉ ግን አሁንም ላይ ላዩን ነው የሚያየው። ኒውንስ አምባን ጨምሮ ሰፊ መሬት በ2022 «የድንጋይ አትክልት ሥፍራዎች» ወይም በእነሱ አጠራር ጋርደንስ ኦፍ ስቶን በተባለ ጥብቅ ክልል ውስጥ ገብቷል። ለብዙ ዓመት የታገሉለት ሰዎች ስላሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የሞተር ብስክሌት ረግረጉን እንዳያርሰው፣ ዛፍ እንዳይቆረጥ ያደርጋል፤ መንገደኛም ይስባል። የተሰጠው የጥበቃ ደረጃ ግን ከመሬት በታች ማዕድን ማውጣትን የሚፈቅድ ነው። ለሚበር ፍጥረት ቢሆን ኖሮ ይህ ዓይነቱ አከላለል በመጠኑ ይበቃ ነበር፤ ሰማዩና ሣሩ ተጠብቆለታልና። ቤቱ መሬት ውስጥ ለሆነ ፍጥረት ግን ጣሪያውን ጠብቆ መሠረቱን እንደ መተው ነው። ሊጠየቅ የሚገባው የፈቃድ መስፈርት ረግረጉ ላይ የታየው የውኃ ተርብ ብዛት አይደለም፤ የከርሰ ምድር ውኃው ልክ ነው። ከመቆፈሩ በፊት ለዓመታት ተለክቶ፣ በሚቆፈርበት ጊዜ እየተለካ፣ ሲወርድ ሥራው የሚቆምበት ልክ በፈቃዱ ላይ በቁጥር መጻፍ አለበት። ቧንቧዎቹ ተተክለዋል፤ የመለካት ችግር የለም። የጎደለው ቁጥሩ የማስቆም ሥልጣን እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ለሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ብሉ ማውንቴንስ በጥቅምትና በጥር መካከል ለሚሄድ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። እሳቱ በነደደበት በ2019ና 2020 በጋ የተጣለ እንቁላል ካለ፣ ከእሱ የተፈለፈለው እጭ ስድስት ዓመት ፈጅቶ እንደሆነ የሚወጣው ከ2026 ገደማ ጀምሮ ነው፤ አሥር ዓመት ከፈጀ ከ2030 ወዲህ። ከዚያ በፊት የታዩት ሁሉ እሳቱ ሲያልፍ መሬት ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ እንዲያውም የመትረፋቸው ምስክር እነሱ ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ በጋዎች የሚሰበሰበው ባዶ ቆዳ፣ ከሥሩ ማዕድን ባለፈበትና ባላለፈበት ረግረግ ተለይቶ፣ ከውኃው ልክ መዝገብ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይገባዋል። ሥራው ጥቁር አፈር ውስጥ ተንበርክኮ ቄጠማውን በእጅ እየገለጡ አገዳ በአገዳ ማየት ነው፤ ረግረጉ እንዳይረገጥ ደግሞ በተፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ የሚሠራ ነው። ተራው መንገደኛ ከመራመጃው እንጨት ሳይወርድ፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ ከተዳፋቱ ውኃ የሚያዥበትን መስመር ቢፈልግ ይበቃዋል።